ለብ ያለ ውሃ

ባሌ ከሞተ በኋላ፣ የአራት ወር ከአሥር ቀን የሐዘን ኢዳዬን ጨርሼ ወደ ሥራ ተመልሼ፣ የመጀመሪያውን አዳር አድሬ ጠዋት ቤት ስገባ ሳፋው ቦታው ላይ ነበር። በሩ ጥግ፣ ከበርጩማዬ ፊት፣ ትሪ ተከድኖበት። ነጠላ ጫማዬም ከጎኑ ተቀምጧል። ትሪውን አነሳሁት። ውሃው ለብ ያለ ነው፤ ጨውም ጣል ተደርጎበታል። ልክ እንደ ድሮው። እግሬን ነከርኩና ፈራሁ።

ጂን አልፈራሁም። ጂን ቢሆን ቢስሚላህ ብዬ እገላገለው ነበር። የፈራሁት አንድ ሐሳብ ነው፤ እሱ እንዲገባችሁ ግን አኗኗራችንን ላስቀድም።

እኔ ነርስ ነኝ። የምሠራው ጨፋ ሮቢት አካባቢ ባለ ጤና ጣቢያ ነው፤ ቤታችን ከሚሴ ነው። ሰው ስለሚያንሰን አዳሩ እኔ ላይ ይበዛል። ባሌ ደግሞ የሚኒባስ ሹፌር ነበር፤ ከሚሴ፣ ሰንበቴ፣ ተመልሶ ከሚሴ። የንጋቱን ሶላት፣ ሱብሂን፣ መስጊድ ሰግዶ በዚያው ወደ መናኸሪያ ይሄዳል። እኔ ፀሐይ ከፍ ካለች በኋላ ተራዬን አስረክቤ እገባለሁ። ማታ እሱ ሲመጣ እኔ ወጥቻለሁ። አንድ አልጋ ነበረን፣ የምንተኛው ግን በፈረቃ ነው። እኔ ትራሱ ላይ የእሱን የናፍጣ ሽታ ይዤ እተኛለሁ፣ እሱ የኔን የበረኪና ሽታ። ባልና ሚስት ከአንድ ባህር ይቀዳል ይባላል። እኛም ከአንድ ባህር ሳንቀዳ አልቀረንም፤ ባህሩ ጋ የምንደርሰው ግን በየሰዓታችን ነበር።

አንድ ጊዜ ከከተማ አሠልጣኝ መጥቶ «ሥራንና የግል ኑሮን ማመጣጠን» የሚል ሥልጠና ሰጥቶናል። አብዛኞቻችን ከአዳር የወጣን ስለነበርን አንቀላፋን። ለሻይ ቀሰቀሱን፣ ዳቦ በላን፣ ተመልሰን አንቀላፋን። አሠልጣኙ ጨዋ ሰው ነበር፣ አልተቆጣንም። ስለ ማመጣጠን የማውቀው ይህንኑ ነው።

የቤቱ ሦስተኛ ሰው አማቴ ናቸው። ከባሌ ሌላ ልጅ የላቸውም። ቀንም ሌሊትም ከቤት የማይጠፉት እሳቸው ብቻ ስለነበሩ፣ የእሱ ወሬ ለኔ የሚደርሰኝ፣ የኔም ለእሱ የሚደርሰው በሳቸው አፍ ነው፤ በስልክ «ደረስክ?» «ደረስኩ» ከመባባል አናልፍም ነበር። ምላሳቸው ስል ነው። ልጅ ሳንወልድ ስንቆይ «በስልክ አይወለድ፣ ልጆቼ!» ብለው ጎረቤት ፊት አሳቁብን። ጠዋት ስገባ የተስቢሃቸውን ዶቃ እየቆጠሩ መደቡ ላይ አገኛቸዋለሁ።

«አካም ቡልቴ፣ ያ ኢንተላ?» ይሉኛል፤ እንዴት አደርሽ፣ ልጄ ማለታቸው ነው።

«አልሀምዱሊላህ።»

«በይ እግርሽን ንከሪ። ባልሽ ነው ያስቀመጠልሽ። ሌሊቱን ቆማ ነው የምታድረው፣ እግሯ ያብጣል ብሎ።»

እኔም እነክራለሁ። በሕይወቴ እንደዚያ ያለ ምቾት አላውቅም። ድካሜ ከቁርጭምጭሚቴ ጀምሮ እየወረደ ሳፋው ውስጥ ሲቀር ይሰማኛል፤ የማላየው ባሌ እንደሚያየኝ አውቃለሁ። ባልደረቦቼ ስለ ባሎቻቸው ሲያማርሩ ዝም እላለሁ። ውስጤ ግን ይኮራል።

በኛ አገር ከመንገድ ለገባ ሰው የእግር ውሃ የሚያቀርበው ታናሽ ነው። ምራት ለአማቷ ታቀርባለች። አማት ለምራቷ ውሃ አሙቃ ስትጠብቅ ከታየች ግን አማቲቱ መሳቂያ፣ ምራቲቱ ባለጌ ናት። ባል ለሚስቱ ቢያደርገው ጓደኞቹ ይቀልዱበት ይሆናል እንጂ ነውር የለውም። ስለዚህ «ባልሽ ነው» ሲሉኝ ሌላ ነገር ማሰብ ለምን አስፈለገኝ? ትኩሳትን በመዳፌ የምለይ ሴት ነኝ። እሱ ጎሕ ሳይቀድ የወጣ ሰው መሆኑን አውቃለሁ። እኔ የምገባው ፀሐይ ከፍ ብላ ነው። ለብ ያለ ውሃ በከሚሴ ሙቀትም ቢሆን እስከዚያ ለብ እንዳለ እንደማይቆይ አንድም ቀን አላሰብኩም።

እሱ የሞተው ሰንበቴ ነው። የከብት ገበያ በቆመበት ቀን፣ ሰው እየጫነ ሳለ ደረቱን ያዘና መሪው ላይ ደገፍ አለ። ሐኪም ጋ ሳይደርስ ሩሁ ወጣች። የሰፈሩ እድር፣ ቅሬው፣ ወጥቶ ቀበረው፤ እኔ ኢዳ ተቀመጥኩ። ቤት ስለዋልኩ ሳፋው አያስፈልገኝም ነበርና አልታየም። ትራሱን ሳላጥበው አቆየሁት። ሽታው ግን እያደር ሳሳ፣ አንድ ቀን ባሸተው ባሸተው የራሴን ሽታ ብቻ አገኘሁ። ያን ቀን አለቀስኩ። ከእሱ የቀረኝ የጠዋቱ ውሃ ትዝታ ብቻ ሆነ፤ እሱን ማንም አይወስድብኝም አልኩ።

እንግዲህ ወደ ሥራ በተመለስኩ ጠዋት እግሬን ነክሬ የፈራሁት ለዚህ ነው። ውሃው አልተለወጠም። ሙቀቱም፣ ጨውም፣ የትሪው አከዳደንም። ሰውዬው ሞቶ ከዚያ ሳፋ ምንም አልጎደለም። ታዲያ ድሮስ ምኑ የእሱ ነበር?

ቀና ብዬ አማቴን አየኋቸው። ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዙረው ይቆጥራሉ። «ባልሽ ነው» አላሉም፣ እንዴትስ ይላሉ። «እኔ ነኝ»ም አላሉም።

እንዲህ ሆነን ሰነበትን። ሳፋው ይቀመጣል፣ እኔ እነክራለሁ፣ እሳቸው መስኮት መስኮቱን ያያሉ። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ። ልጠይቃቸው እነሣና እተወዋለሁ። አልነበረም ካሉኝ ባሌን ሁለተኛ ልቀብረው ነው፤ ሁለተኛው ቀብር ደግሞ ቅሬ የለውም፣ ብቻዬን ነው የምቆፍረው። ቤቱ ከበደኝ። ቀን ተኝቼ የበሩ ማጠፊያ ሲጥ ሲል እነቃለሁ። «እሱ ነው» እልና ወዲያው ሞቷል እላለሁ፤ ከዚያ እንቅልፍ የለም። ሥራ ቦታ እዝናናለሁ ብዬ ትርፍ ተረኝነት መጠየቅ ጀመርኩ። አለቃዬ «ምነው ቤት የለሽም?» አለችኝ። ልትቀልድ ብላ ነው።

አንድ ጠዋት ከአዳር በመኪና፣ ጋቢና ተቀምጬ ስመለስ የጨፋው ሜዳ ላይ የእሱ ሚኒባስ ከፊት ለፊት መጣ። መኪናው ሌላ ሹፌር ይዞት እንደሚሠራ አውቃለሁ። መስታወቱ ላይ ባሌ የለጠፈው አረንጓዴ ጨርቅ ከሩቅ ይለያል። ድሮ እሱ ወደ ሰንበቴ ሲወርድ እኔ ወደ ቤት ስመለስ እዚያ ሜዳ ላይ እንተላለፍ ነበር። መብራት ያበራልኛል፣ እጄን አነሣለታለሁ፣ በቃ፤ የባልና ሚስት መተያየታችን ብዙውን ጊዜ እሱ ነበር። አሁንም እጄ ሳላዘው ተነሣ። አዲሱ ሹፌር ደግሞ ማን እንደመሰልኩት እንጃ፣ መብራቱን ብልጭ አደረገልኝ። አጠገቤ የተቀመጠች የማላውቃት ሴት ፈገግ ብላ «ባልሽ ነው?» አለችኝ።

«አዎ» አልኳት።

ከሚሴ እስክንደርስ ሴትየዋን ዞሬ አላየኋትም። እብደት እንዲህ በቀላሉ የሚጀምር ከሆነ ሳይብስብኝ እውነቱን ልወቅ አልኩ። ቤት ገባሁ። ሳፋውን ተሻግሬ፣ ሳልነክር፣ አማቴ እግር ሥር ቁጭ አልኩ።

«እማ፣ ውሃውን የሚያሞቁት እርስዎ ነዎት።»

«ታዲያ ማን ሊያሞቀው?»

«ድሮም?»

ተስቢሃውን አቆሙት። «ከሞተ በኋላ ልታሚብኝ ነው ልጄን?»

«አላማሁትም። ማወቅ ነው የፈለግኩት።»

ተስቢሃውን ጠቅልለው ጭናቸው ላይ አኖሩት። ከዚያ እንዲህ አሉኝ፦

«መጀመሪያ እሱ ነው። እንደተጋባችሁ አዳር የገባሽ ጊዜ፣ አሙቆ አስቀምጦልሽ ወጣ። ሳትመጪ በረደ። ሙሽራ እንዴት ቀዝቃዛ ውሃ ታገኛለች ብዬ እንደገና አሞቅኩት። በማግስቱ እንቅልፍ ጥሎት ረፈደበትና ሮጠ። እኔ ደገምኩት። ከዚያ ወዲያ እሱም አላስታወሰ፣ እኔም አላስታወስኩት። አንቺን ደግሞ ደስ ሲልሽ አይቻለሁ።»

«ለምን እኔ ነኝ አላሉኝም?»

«ብልሽ ትነክሪ ነበር?»

«አልነክርም።»

«ይኸው።»

ተናድጄ ነበር፤ ግን በማን እንደምናደድ ጠፋኝ። እኒህ ሴት በዚህ ዕድሜያቸው ጠዋት ጠዋት ከሰል እያራገቡ እግሬን ሲያስቡ ኖረዋል። እኔ ደግሞ ምስጋናውን ሁሉ ለሌላ ሰው ስሰጥ ኖሬያለሁ። አንድ ነገር መጣብኝና ጠየቅኳቸው።

«ለእሱስ? ስለ እኔ ምን ይሉት ነበር?»

ሳቅ አሉ፤ ሳቁ ሳያልቅ እንባቸው መጣ። «ያላልሽውን ሁሉ! ወጡን እኔ ሠርቼ 'ላንተ ብላ ነው የሠራችው' እለዋለሁ። 'ጃኬትህን ልበስ፣ ጠዋት ጠዋት ሜዳው ይበርዳል ብላለች' እለዋለሁ። 'እሷ ናት?' ይለኛል። 'ታዲያ እኔ ነኝ?' እለዋለሁ። ምን ላድርግ? ሁለታችሁም የደከማችሁ ልጆች ናችሁ። አንዳችሁ ለአንዳችሁ የሚተርፍ ቃል አልነበራችሁም። እኔ ቁጭ ብዬ የምውል ነኝ፣ ቃል ሞልቶኛል።»

«የሞተ ቀንስ? ጠዋት ምን አሉት?»

ይህን ስጠይቅ ፊታቸው ጠቆረ። ሊነሡ ሞከሩ፤ ጉልበታቸውን ያዝኩት።

«ስልኩን ረስቶ ከመስጊድ ተመለሰ። በሩ ላይ ቆሞ 'ምን ብላለች?' አለኝ። ራሱ ነው የጠየቀኝ፤ ሌላ ጊዜ የምነግረው እኔ ነበርኩ። ፊቱ ደክሞታል፣ አላማረኝም። 'ዛሬ ማታ ፈቃድ እጠይቃለሁ፣ ቤት ሆኜ እጠብቀዋለሁ ብላለች' አልኩት። 'ወላሂ?' አለኝ። 'ወላሂ' አልኩት። በውሸት ማልኩ። ለዚያ መሐላ ጾሜያለሁ፣ ዛሬም እጾማለሁ።»

«እሱስ ምን አለ?»

«ሳቀ። ጥርሱ ሁሉ ታየ። 'እንግዲያ ቶሎ እመጣለሁ በያት' ብሎ ሮጠ።»

«አልነገሩኝም።»

«እንዴት ብዬ ልንገርሽ? አንቺ ላላልሽው ነገር የመጣ መልስ ነው። መጀመሪያ ውሸቴን ልነግርሽ፣ ከዚያ በእውነት ፈቃድ ጠይቂ ብዬ ልለምንሽ አሰብኩ። ገባሽ፣ እግርሽን ነከርሽ፣ ዓይንሽ እየተከደነ ነበር። ተኝታ ስትነሣ እነግራታለሁ አልኩ።»

ሞቱን የሚነግረኝ ስልክ የደወለው ከእንቅልፌ ሳልነሣ ነው። እኔው ነኝ ያነሣሁት፤ እሳቸው እበሩ ላይ ቆመው ያዩኝ ነበር።

አማቴ ከባሌ ያመጡልኝ ቃል ሁሉ የራሳቸው ነው። የእሱ የራሱ ቃል ያ አንዱ ብቻ ነበር፤ ያ ደግሞ ሳይደርሰኝ እሱ ሞተ። ይህን ከነገሩኝ ወዲህ አዳር ቀንሼ ማታ ማታ ቤት ማደር ጀምሬያለሁ። ለሚጠይቁኝ አማቴ ብቻቸውን እንዳይሆኑ ነው እላለሁ፤ እውነትም ነው። ግን እጠብቀዋለሁ። እንደማይመጣ አውቃለሁ፣ የተገነዘውን ፊቱን አይቻለሁ። ቢሆንም ቶሎ እመጣለሁ ብሏል፤ መልእክቱም የደረሰኝ ገና አሁን ነው።