የሰሚራ የመጨረሻ ሩብ

ባለፈው ሳምንት ልጄ ኢልሃም ከኮሌጅ ስትመለስ ጫማዋን በር ላይ ወርውራ፣ ቦርሳዋን ሶፋው ላይ ጥላ፣ ሰላም እንኳ ሳትለኝ ወጥ ቤት ገባች። ያቀረብኩላትን ሩዝ በማንኪያ ጫፍ እየነካካች፣ “ደቂቃ አይሰጡኝም፣ ኡሚ” አለችኝ። ነገሩ ስለ ቅርጫት ኳስ ነው። ኹበር ውስጥ ባለ አንድ የሴቶች ኮሌጅ አንደኛ ዓመት ናት፤ ቡድኑ ውስጥ ገብታለች፤ አሰልጣኟ ግን የምታጫውተው አራተኛ ዓመቶቹን ነው። ልጄ እንደምትለው እነሱ አርጅተዋል። ገና ሃያ ሁለት ዓመታቸው ነው እንግዲህ፣ ያረጁት።

“አሰልጣኟ ምን አለችሽ?” ብዬ ጠየቅኳት።

“ታገሺ፣ የሚመጣው ዓመት ያንቺ ነው አለችኝ።”

የያዝኩትን ጭልፋ አስቀመጥኩ። እኔም በእሷ ዕድሜ፣ ከዚህ ብዙም በማይርቅ ግንብ ውስጥ ይህንኑ ተብያለሁ። ልጄ ማማረሯን ቀጠለች፤ እኔ ግን ከዚያ በኋላ ያለችውን አልሰማሁም። ስንት ዘመን ያላነሣኋት ሰሚራ ትዝ አለችኝ።

ያደግኩት እዚሁ ዐረብ አገር፣ ደማም ከተማ፣ አል መዝሩዒያ በሚባል ሰፈር ነው። አባቴ ገና ጎረምሳ ሳለ ከወሎ መጥቶ በአንድ የሕንፃ ዕቃ መጋዘን ውስጥ ይሠራ ነበር። ጠዋት ጠዋት ከሰፈራችን አፍጋን ዳቦ ጋጋሪ ምድጃ የሚወጣው የታሚስ ዳቦ ሽታ በመስኮት ገብቶ ይቀሰቅሰን ነበር። አባቴ ትኩሱን በጋዜጣ ጠቅልሎ ከፉል ጋር ይዞ ሲመጣ ዳር ዳሩን እየቆረስኩ እበላና እናቴ ትቆጣኛለች። የዛሬው ታሚስ ያው ነው ይላሉ። ለእኔ ግን አይጥመኝም፤ ምናልባት የጎደለው የእናቴ ቁጣ ይሆናል።

በዚያን ጊዜ እዚህ አገር ሴት መኪና አትነዳም፣ ኳስም በአደባባይ አትጫወትም። ኮሌጃችን ከፍ ያለ ግንብ ነበረው፤ ከግንቡ ውስጥ አዳራሽ፣ በአዳራሹ ውስጥ ሁለት ቅርጫቶች። ተጫዋቾቹም ተመልካቾቹም እኛው ነን። ፎቶ ማንሣት ክልክል ስለነበር ከዚያ ሁሉ ጊዜ አንድም ምስል የለኝም። አንዳንድ ቀን እውነት ነበር ወይስ አልሜው ነው እላለሁ።

አሁን የምናገረውን ልጄ ተረት ነው ብላ ስቃብኛለች። ጨዋታ የምናደርገው ከከሰዓቱ የዐስር ሶላት በኋላ ነበር። ሊወስዱን የሚመጡ አባቶች፣ ወንድሞችና ሾፌሮች ደግሞ ጀምበር ጠልቃ መግሪብ ሲቃረብ በሩ ላይ መድረስ ይጀምራሉ። ከበሩ በስተ ውስጥ ኻላ ዘይነብ የሚባሉ ሱዳናዊት ባልቴት ይቀመጣሉ። ውጭ ያለው ዘበኛ ማን እንደመጣ በትንሿ መስኮት ይነግራቸዋል፣ እሳቸው በማይክ ይጠራሉ። የሴት ስም መንገድ ላይ እንዳይሰማ የሚጠራው የአባት ስም ነው። “የሙሐመድ ልጅ!” ሲባል ሦስት ሆነን ብድግ እንል ነበር፤ አንዷ እኔ ነኝ። ከተጠራሽ ኳስ በእጅሽ ይዘሽም ቢሆን ትሄጃለሽ። በዚያ ወበቅ ውጭ የቆመ አባት ሩቡ እስኪያልቅ አይጠብቅም።

ስለዚህ የቡድናችንን ቅያሪ ግማሹን የሚወስነው መኪና ነበር። አሰልጣኛችን አብላ ሂባ፣ ድምፀ ጎርናናዋ ግብፃዊት፣ ነባሮቹን ታሰልፍና መኪና ሲመጣባቸው ከእኛ ከአዲሶቹ ታስገባለች። እኛ ተጠባባቂ ወንበር ላይ ተደርድረን ዱዓ የምናደርገው ኳስ እንዲገባ አልነበረም። የዛሬን የኹበርን መንገድ ክፍት አድርግልን፣ የእገሊትን ወንድም ቶሎ አምጣልን ነበር ልመናችን። ሌሎቹ ዱዓቸው ሲሰማላቸው የእኔ ብቻ አልሰመረም። ቦታዬ የሰሚራ ቦታ ነበርና፣ ሰሚራ ደግሞ መኪና የማይመጣባት ሴት ነበረች።

ሰሚራ አራተኛ ዓመት ናት፣ የቡድኑ አምበል። ወላጆቿ እንደ እኔው አበሾች ናቸው፤ ቤታቸው አል ሻጢእ፣ ከባሕሩ ዳርቻ አጠገብ ነበር። አጭር ናት፤ ስትሮጥ ክርኖቿን ወደ ውጭ ታወጣለች፤ ባታውቂያት ከሰው ጋር ልትጣላ የመጣች ይመስልሻል። ወንድሟ ፈይሰል ሱቁን ዘግቶ እስኪመጣ መግሪብም ዒሻም ያልፋል። የቂያማ ቀን ቢቆም እንኳ ፈይሰል ይዘገያል እየተባለ ይቀለድበት ነበር። እሷም በዘገየ ቁጥር ደስ ይላታል፤ እስከ መጨረሻዋ ፊሽካ ትጫወታለቻ!

ከሌሎቹ ሁሉ ይልቅ በእኔ ላይ ትከፋ ነበር። አበሾቹ ይሳሳባሉ እንዳይባል ይሆናል፤ ልምምድ ላይ ለእኔ ኳስ ስታቀብል እንደ ድንጋይ ነው የምትወረውረው። ማታ ጣቶቼን እናቴ በሙቅ ውሃ እያሸች፣ “ምን አለበት ብትተዪው?” ትለኛለች። መልሳ ደግሞ አንጀቷ አይችልም፣ “ግድየለም፣ ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል” ትላለች። አብላ ሂባም በዐረብኛዋ ያው ነበር የምትለኝ፦ “ዘንድሮ ሰሚራን እያየሽ ተማሪ። የሚመጣው ዓመት ያንቺ ነው።” አመንኳት። እንዲያውም ደስ ብሎኝ እቀመጥ ነበር።

ክረምቱ፣ ማለት ብርዱ፣ እዚህ አጭር ነው፤ ሰው ሁሉ ወደ በረሃ ወጥቶ ድንኳን የሚተክልበት፣ ሻይ በጭስ የሚፈላበት ወራት። በዚያ ክረምት አንድ ምሽት አባቴ እራት ሳይነካ ተቀመጠ። ካፊሉ፣ አሠሪውና ዋሱ፣ መጋዘኑን ሸጦታል፤ አዲሱ ገዢ የአባቴን የመኖሪያ ፈቃድ፣ ኢቃማውን፣ ወደ ራሱ ማዛወር አልፈለገም። “ኸላስ፣ በቃ” አለ አባቴ ወደ እኔ እያየ። “ነጃት ፈተናዋን ስትጨርስ የመውጫ ቪዛው፣ ኹሩጁ ተመትቶልን አገራችን እንገባለን።” እናቴ አለቀሰች። እኔም አለቀስኩ፤ ግን እናቴ ያለቀሰችው ለቤቷ ነው፣ እኔ ለኳስ። የሚመጣው ዓመት ያንቺ ነው የተባልኩት ነገር ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ ሆኖ ቀረ።

በማግስቱ ለአብላ ሂባ ነገርኳት። እጇን ትከሻዬ ላይ አደረገች።

“እውነቱን ልንገርሽ?” አለችኝ። “ሰሚራ ዘንድሮ ትጨርሳለች፤ እሷን አሁን ባላጫውታት አንሸነፍም ማለት አልችልም። የምትተርፈኝን ደቂቃ ደግሞ የሚመጣው ዓመት ለምትኖረው ልጅ ነው የምሰጠው። አንቺ ትሄጃለሽ። መዕለሽ፣ አይዞሽ ልጄ።”

ልክ ነበረች። ያናደደኝም ልክ መሆኗ ነው።

አየሩ ሞቅ ማለት ሲጀምር የቡድኑ ልጆች ከነቤተሰቦቻችን ኒስፍ አልቀመር ወደሚባለው የባሕር ዳርቻ ወጣን። ወንዶቹ ራቅ ብለው ዓሣ ይጠብሳሉ፣ እናቶች ሩዙን በደረቅ ሎሚ ቀቅለው ምንጣፍ ላይ ዘርግተዋል፤ ነፋሱ አሸዋ እያመጣ ያንን ሁሉ ምግብ ያቀምመዋል። እኔና ሰሚራ ውሃው ጫፍ ላይ ተቀምጠን የሱፍ ፍሬ እንፈለፍል ነበር። ከአብላ ሂባ በቀር ለማንም ያልነገርኩትን ለእሷ ነገርኳት።

“ሰሚ፣ ልንሄድ ነው። ኹሩጅ።”

“መቼ?”

“ፈተና እንዳለቀ።”

ቅርፊቱን ተፋችው። “ታዲያ ምን ሙሽኪላ አለው? አገርሽ አይደል የምትገቢው? እኔ አይቼው እንኳ አላውቅም።”

“አንድ ጨዋታ እንኳ ሳልጫወት ነዋ!”

ዞር ብላ አየችኝ። “ስሚ ነጃት፣ እኔ ሁለት ዓመት ሙሉ እዚያ ወንበር ላይ ተቀምጫለሁ። ማንም ተነሥቶ ቦታውን አልለቀቀልኝም። አሁን ደግሞ ከዚያ በር ከወጣሁ ኳስ ማፊ! የት ልጫወት? ባሕሩ ዳር ኮርኒሽ ላይ? የቀሩኝ ጨዋታዎች እነዚሁ ናቸው። ለማንም አንዲት ደቂቃ አልሰጥም፣ ወላሂ።”

ምላለች። የሱፍ ፍሬዬን ይዤ ወደ እናቴ ሄድኩ። ከዚያ ቀን በኋላ ዐይኗን ማየት እንኳ አስጠላኝ።

የዓመቱ የመጨረሻ ጨዋታ ከሌላ ኮሌጅ ልጆች ጋር በእኛው አዳራሽ ነበር። ወበቁ ገብቶ ግድግዳው ያልበዋል፤ ማቀዝቀዣው ከሚያበርደው የሚያንጠባጥበው ይበልጣል። ሰሚራ እንደዚያን ቀን ስትጫወት አይቼ አላውቅም። ኳሱ ከእጇ የሚወጣው እሷ ስትፈቅድ ብቻ ነበር። በአንድ ነጥብ እንመራለን፣ ይመሩናል፣ እንደገና እንመራለን። በመሀሉ የኻላ ዘይነብ ድምፅ ይመጣል፤ አንዷ ትሄዳለች፣ ከወንበሩ አንዷ ትገባለች። ሦስተኛው ሩብ ሲያልቅ ወንበሩ ላይ የቀረሁት እኔ ብቻ ነበርኩ።

በእረፍቱ ሰሚራ ፎጣዋን አንገቷ ላይ ጣል አድርጋ መጣች። ባዶውን ወንበር አየች፣ እኔን አየች። “ውሃ ልጠጣ” ብላ ኻላ ዘይነብ ወደሚቀመጡበት በር በኩል ወጣች። ተመልሳ የመጨረሻውን ሩብ ጀመረች። ጥቂት እንደተጫወተች ማይኩ ተንኳኳ።

“የዐብዱረዛቅ ልጅ! የዐብዱረዛቅ ልጅ!”

ሁላችንም ዞር አልን። የዐብዱረዛቅ ልጅ ማለት ሰሚራ ናት። ፈይሰል በሰዓቱ መጣ? አብላ ሂባ ጭንቅላቷን ያዘች። ሰሚራ ኳሱን ለዳኛዋ ሰጥታ እየሮጠች ወጣች፤ በአጠገቤ ስታልፍ ክንዴን ጭምቅ አድርጋ፣ “በግራዋ ሂጂባት፣ ረጅሟ በግራ አትችልም። የላ!” አለችኝ። አብላ ሂባ ወንበሩን አየች። ከእኔ በቀር ማንም የለም። “ግቢ” አለችኝ።

የመጀመሪያውን ኳስ ተቀማሁ። ሁለተኛውን ማንም ወደሌለበት አቀበልኩት። የጫማዬ ድምፅ ለራሴ ይሰማኝ ነበር። ሦስተኛው ላይ ረጅሟ ፊቴ ቆመች፤ የሰሚራ ቃል ትዝ አለኝና በግራዋ ገባሁ። ኳሱ የቅርጫቱን ክብ ብረት ዞረው፣ ዞረው፣ ሊወጣ መስሎ ገባ። አብላ ሂባ ከመቀመጫዋ ተነሥታ በግብፅኛ የሆነ ነገር ጮኸች፤ ምን እንዳለች እስከ ዛሬ አላውቅም። ከዚያ በኋላ ኳስ በእጄ ሳለ ጊዜው ሊያልቅ ሆነ፤ ወረወርኩ፣ ሳትኩ። በአንድ ነጥብ ተሸነፍን።

ወዲያው እኔም ተጠራሁ። አባቴ እንደ ፈይሰል አይደለም። ዓባያዬን ደርቤ እየሮጥኩ በሩ ጋ ስደርስ ሰሚራ ከኻላ ዘይነብ ወንበር አጠገብ መሬት ላይ ተቀምጣለች። ላቧ ገና አልደረቀም።

“መኪናሽ መጣ አልተባለም?”

“ፈይሰል? ፈይሰል መቼ በሰዓቱ መጥቶ ያውቃል?”

ኻላ ዘይነብን አየኋቸው። ማይካቸውን በጨርቅ እየወለወሉ ወደ ሌላ ወገን አዩ። ያኔ ገባኝ። ውሃ ልጠጣ ብላ የወጣችው ራሷን ልታስጠራ ነበር።

“ስንት ለስንት?” አለችኝ።

“በአንድ ተሸነፍን።”

“በማን ጥፋት?”

“በእኔ። የመጨረሻዋን ሳትኳት።”

ግንቡን ተደግፋ ሳቀች፤ ሳቁ መሀል ላይ ተሰበረና ዐይኗን በዓባያዋ እጅጌ ጠረገች። “አንድም አላገባሽ?”

“አንድ አገባሁ።”

ወዲያው ቀና አለች። “ወላሂ? እንዴት? ንገሪኝ፣ በግራ ሄድሽ?”

ልነግራት አፌን ስከፍት የአባቴ መኪና ጥሩምባ ነፋ። ያን ዕለት አባቴ ለኤምባሲ ጉዳይ አንድ ሰው ሊያገኝ ቸኩሎ ነበር። “ሂጂ፣ አባትሽን አታስቁሚያቸው” አለችኝና በመዳፏ ጀርባዬን መታ አድርጋ ገፋችኝ። ሮጥኩ። ከፈተና በኋላ የምነግርበት ጊዜ የሚኖር መስሎኝ ነበር፤ ግን ፈተናችን በተለያየ ቀን ሆነ፣ ከዚያ ሻንጣ፣ ከዚያ አውሮፕላን።

ከዓመታት በኋላ ባሌ እዚህ ሥራ አግኝቶ ስንመለስ አል ሻጢእ ሄጄ ጠየቅኩ። ቤታቸው ፈርሶ ፎቅ ተሠርቶበታል። አንዱ ጅዳ ሄደዋል አለኝ፣ አንዱ አላውቃቸውም አለ። የማውቀው የአባቷን ስም ነው፤ ዐብዱረዛቅ ደግሞ በዚህ አገር ስንት አለ!

ትናንት የልጄን ጨዋታ ለማየት ሄድኩ፤ ራሴ ነድቼ፣ ከፊት ረድፍ ተቀምጬ። በዙሪያዬ ሰው ሁሉ ስልኩን ደቅኖ ይቀርጻል። ሊያልቅ ሲል አሰልጣኟ አንዲት አራተኛ ዓመት ልጅ አስወጥታ ኢልሃምን አስገባች። ሁሉም ለልጄ አጨበጨበ፤ እኔ ግን ዐይኔ ከወጣችው ልጅ ላይ አልነሣ አለ። ፎጣዋን ጭኗ ላይ አጥፋ ዘርግታ፣ እንደገና ታጥፈዋለች። ኢልሃም አንድ ኳስ አገባች። እልል ማለት ሲገባኝ አለቀስኩ።

ሲያልቅ ልጄ እየዘለለች መጣች። “አየሽኝ፣ ኡሚ?”

“አየሁሽ፣ ማሻአላህ። አሁን ሂጂና እንዴት እንዳገባሽው ለዚያች ልጅ ንገሪያት።”

“አይታዋለች እኮ! እዚያው ነበረች።”

“ይሁን። አንቺ ንገሪያት።”

ትከሻዋን ነቅንቃ ሄደች። ከሩቅ አየኋቸው። ልጄ በእጇ እያሳየች ታወራለች፣ ትልቋ ፎጣውን ትታ ታዳምጣለች፤ መጨረሻ ላይ ሁለቱም ሳቁ። እኔ መኪናዬን ያቆምኩት ጥላ ስር ነው፣ የሚያስቸኩለኝ ማንም የለም፤ እስኪጨርሱ ቆሜ ጠበቅኳቸው። ሰሚራ ናፈቀችኝ፤ እንዴት እንደገባ እኮ ሳልነግራት ቀረሁ።