በጆሮ የሚቃኝ ካርቡራተር

«ምላስ አጥንት የለውም፣ አጥንት ግን ይሰብራል» ትል ነበር እናቴ። ወሎዬ ናት፤ ካርቱም ሰው ቤት እየሠራች ነው ያሳደገችኝ። እኔ ግን የምረግመው ምላሴን ብቻ አይደለም፤ እጄንም ጭምር ነው።

የመካኒክነቱን ሙያ የተማርኩት እዚያው ካርቱም፣ አል-ሳሃፋ ሰፈር፣ አንድ ወርሻ ውስጥ ነው፤ ጋራዥ ማለት ነው። ያስተማሩኝ ሐጅ ዩሱፍ የሚባሉ ሱዳናዊ ሽማግሌ ነበሩ። «ያ ዓሚ» ነበር የምላቸው፣ እንደ አጎት። ለእሽቅድምድም የተዘጋጀ ሞተር ሲመጣ የሚነኩት እሳቸው ብቻ ናቸው። የአየር ማጣሪያውን ክዳን ያነሱና ጆሮአቸውን ወደ ካርቡራተሩ አዘንብለው ነዳጅ ይሰጡታል። ሞተሩ ወዲያው ካላገሳ፣ አንዴ እንኳ ከተንተባተበ፣ ቪቲዋን፣ የቤንዚኑን ማስተካከያ ብሎን፣ በካቻቢቴ ፀጉር ታህል ያዞሯታል። አየሩና ቤንዚኑ እኩል ሲደርሱ ፈገግ ይላሉ። ወላሂ፣ አንድ ቀን ሲስቱ አላየሁም።

ከካርቱሙ ጦርነት በፊት ነው። ዓርብ ዓርብ ከሶባ ወዲያ ሜዳ ላይ የሚሽቀዳደም ደንበኛችን፣ አንድ ሐሙስ አሮጌ ፒክአፑን አመጣ። ዓሚ ቃኝተውለት ለሶላት ሄዱ። ክዳኑን መግጠም የእኔ ሥራ ነበር። ሰማዩ ቀልቶ ሀቡቡ፣ ያ የአቧራ ማዕበል፣ ሲመጣ አየሁና እንደ ልማዳችን እርጥብ ጨርቅ አጥፌ በማጣሪያው ላይ ጠቀለልኩና ክዳኑን ገጠምኩ። አቧራው ሲያልፍ ጨርቁ መውጣት አለበት። ረሳሁት። ሰውዬውም መኪናውን ይዞ ሄደ።

ቅዳሜ ጠዋት እየጮኸ መጣ። ውድድሩ ገና ሲጀመር ቤንዚኑን ቢረግጠው መኪናው ጥቁር ጭስ ተፍቶ ታንቆ ቀረ፤ የሜዳው ሰው ሁሉ ሳቀበት። ጥቁር ጭስ ማለት ቤንዚን በዝቶ አየር አንሷል ማለት ነው። እኔ አዋቂው ታዲያ ምን ብል ጥሩ ነው? ደንበኛው ሁሉ በተሰበሰበበት፣ «ቤንዚን አብዝተውበት ነው። ዓሚ ጆሮአቸው ደክሟል፤ እኛ ፈርተን ዝም ብለን ነው እንጂ ከሰነበተ!» አልኩ። አፌን በቆረጠው!

ዓሚ አልተቆጡም። ካቻቢቴያቸውን ሰጡኝና «ያላ፣ አንተ ሞክረው» ብለው እጃቸውን ሊታጠቡ ዞሩ።

ክዳኑን ሳነሳ ጨርቁ ጭቃ ሆኖ ደርቆ ተቀምጧል። የራሴ ጨርቅ! ባለመኪናው ከሌሎቹ ጋር ይጨቃጨቃል፤ ማንም አላየኝም። ኪሴ ከተትኩት። ቪቲዋን ሳልነካ የነካሁ መስዬ ነዳጅ ሰጠሁት። ሞተሩ አንዴ እንኳ ሳይንተባተብ አገሳ። ዓሚ የቃኙት እንደተቃኘ ነበር። ሰዉ አጨበጨበልኝ፤ እኔም፣ አላህ ይቅር ይበለኝ፣ ደስ አለኝ።

ዓሚ ከዚያ ቀን ወዲያ ካርቡራተር አልነኩም። «ኸላስ፣ በቃ፣ ጆሮዬ ሄዷል» ይሉና ጎማ ይፈታሉ። እንደዚያ ያለ ሰው ጎማ ሲፈታ! ነገ እነግራቸዋለሁ፣ ኢንሻላህ፣ እያልኩ ወራት አለፉ። ፈሪ ነኝ። ደግሞ ደንበኛው ሁሉ እኔን መጠየቅ ጀምሮ ነበር፤ ጣፈጠኝ፣ ምን ልዋሽ።

በመጨረሻ ወርሻውን ትተው ቤት ዋሉ። ያን ጊዜ እንቅልፍ አጣሁና እውነቱን ልነግራቸው ቆርጬ ሐጅ ዩሱፍ ቤታቸው ሄድኩ። እንግዶች ነበሩ። ገና «አሰላሙ ዓለይኩም» ስል እጄን ይዘው አጠገባቸው አስቀመጡኝ።

«ሁሉ ፈርቶኝ ዝም ሲል እውነቱን ፊት ለፊት የነገረኝ ይሄ ልጅ ነው» አሏቸው ለእንግዶቹ።

ከዚያ ወደ እኔ ዘንበል ብለው፣ «ልጆቼ ሐኪም ዘንድ ወስደውኝ ነበር። ጆሮዎ ጤነኛ ነው፣ ምንም የለብዎትም አለኝ» አሉና ሳቁ። «ሐኪም ስለ ሞተር ምን ያውቃል? እኔ የማምነው አንተን ነው።»

የቀረበልኝን ሻይ ጠጥቼ፣ «አላህ ይስጥልኝ» ብዬ ወጣሁ።