ከፋብሪካ እንደወጣች
አምስት ሞተር ሳይክሎች አሉኝ፤ አንዱንም ግን አልነዳም። ልደታ፣ ከፍርድ ቤቱ ጀርባ ባለው ግቢያችን፣ ድሮ ማድ ቤት በነበረው የቆርቆሮ ክፍል ውስጥ ተደርድረው ቆመዋል። ሁሉም በአንድ ዘመን ለወባ መከላከልና ለእርሻ ሠራተኞች እየታደሉ ገጠር ለገጠር የባዘኑ፣ ጭቃና ኮረኮንች የማይበግራቸው ሞተሮች ናቸው። እኔ እጅ ሲገቡ ዝገት በዝገት ነበሩ። አንዷማ ለዓመታት ዶሮ ያደረባት ናት።

ባለቤቴ ስለ እነሱ የምትለው አላት። «ለሞተሮችህ ሸራ ታለብሳለህ፣ መኝታ ቤታችን ያፈሳል» ትላለች። እውነቷን ነው። ጣራውን እስካሁን አላስጠገንኩም።

ሥራዬ አንድ ሕግ አለው፤ ከፋብሪካ ስትወጣ ያልነበረባት ነገር ሁሉ ይነሳል። ሰው ሞተር ሲይዝ እጁ አያርፍም። አንዱ ከኋላ የጀሪካን መጫኛ ያስበይዳል፣ ሌላው ጭቃ መከላከያው ላይ ጥቅስ ያጽፋል፣ ሌላው ደግሞ መቀመጫውን በቤቱ ምንጣፍ ይሸፍናል። ይህን ሁሉ ስነቅል ደስ ይለኛል፤ ምን ያስዋሸኛል? የጎደለ ዕቃ ፍለጋ ጠመንጃ ያዥ ሰፈር ካሉት ጋራዦች አንዱ ሳይቀረኝ እዞራለሁ፤ የተረፈ ዕቃ ግን ግቢዬ አያድርም። ስፍቅና ስቀባ፣ «ሰው እንዴት በገዛ ንብረቱ እንዲህ ይጫወታል?» እያልኩ አይቼው የማላውቀውን የሞተሯን የቀድሞ ባለቤት ስሳደብ እውላለሁ።

እሑድ እሑድ ረፋድ ላይ፣ ቆመው እንዳይበላሹ አንዷን አውጥቼ አስነሳለሁ። ባለፈው ክረምት ማብቂያ ላይ እንዲሁ አስነስቼ ሳለ የግቢው በር ተንኳኳ። ስከፍት ነጠላ ያጣፉ፣ ምርኩዝ የያዙ ሽማግሌ ቆመዋል። ከልደታ ቤተ ክርስቲያን እየተመለሱ ነው።

«ድምጿን ሰምቼ ነው ልጄ» አሉኝ። «የወባ ሠራተኛ ነበርኩ። እንደዚች ባለችው ስንት ቆላ ዞሬያለሁ መሰለህ! ትንሽ ልያት?»

እንግዳ አልወድም፤ የመጣ ሁሉ ካልነካሁ ይላል። ሽማግሌ ግን ከበር አይመለስም። አስገባኋቸውና ሸራዎቹን ገለጥኩ። የትኛዋን ከየት እንዳገኘሁ፣ ምኗን እንዴት እንዳደስኩ በኩራት እተርክላቸው ጀመር። አልሰሙኝም። ከአንዷ ወደ አንዷ እየሄዱ፣ ጎንበስ እያሉ የሚያዩት የቤንዚን መያዣውን፣ ሳልባትዮውን ብቻ ነበር።

«የፈለጉት ነገር አለ አባባ?»

«የኔዋ በጨረታ ተሽጣ አዲስ አበባ ገባች ብለውኝ ነበር። ሳልባትዮዋ ላይ በምስማር የተጫረ ስም አለ። የጻፈችው ሴት ልጄ ናት፤ ፊደል የለየች ሰሞን የራሷን ስም ጻፈችበት። የመንግሥት ንብረት አበላሸሽ ብዬ ቆነጠጥኳት። በዚያው ዓመት ሞተችብኝ። ፎቶ እንኳ አላስነሳናትም፤ ያኔ እዚያ አገር ፎቶ አንሺ ከየት ይመጣል? ሞተሯን ስጠኝ አልልህም ልጄ። ስሟን አንዴ ልየው ብዬ ነው።»

ስሙን አስታውሰዋለሁ። አራት ፊደል ነው፤ የመጨረሻው ፊደል ፊቱን ወደ ኋላ አዙሯል። ጥልቅ ስለነበር ሁለት ቀን ሙሉ አስለፍቶኛል። የየትኛው ባለጌ ሥራ ነው ብዬም ሰድቤአለሁ።

አላየሁም ብል ማንም አያውቅብኝም ነበር። ቃሉ አፌ ላይ ደርሶ ተመለሰ።

«ይቺ ናት» አልኳቸው፣ ሰማያዊዋን እያሳየሁ። «ጽሑፉን ያጠፋሁት እኔ ነኝ።»

አልተቆጡም። ምርኩዛቸውን ግድግዳው ላይ አስደግፈው፣ ሳልባትዮውን በጣታቸው ጫፍ ቀስ እያሉ ይዳብሱ ጀመር። ወዲያ ሄዱ፣ ወዲህ ተመለሱ። ቆሜ ማየት አልቻልኩም።

«ምናልባት ከቀለሙ ሥር ይኖር ይሆናል» አልኩና የብርጭቆ ወረቀት አምጥቼ መፋቅ ያዝኩ። አንዳንዱን ጭረት ሳልነካው በላዩ ስቱኮ የምለጥፍበት ጊዜ አለ። ይህኛውን እንደዚያ አድርጌው እንዲሆን ለመንኩ። ስንት ጊዜ ደራርቤ የቀባሁት ሰማያዊ ቀለም እንደ ዱቄት ረገፈ። ከሥሩ ግራጫው መጣ፣ ከዚያ ስቱኮው። ሽማግሌው አጎንብሰው ትንፋሻቸው እጄ ላይ ያርፋል። ስቱኮው ሲያልቅ ብረቱ ብቅ አለ። ልሙጥ ነው። ለካ አስቀድሜ በማሽን ፍቄዋለሁ። ወደ ጎን አሰፋሁት፤ እዚያም የለም። ወደ ታች ወረድኩ።

እጄን ያዙኝ።

«ተው፣ ታበላሻታለህ» አሉ። የረገፈውን ቀለም በነጠላቸው ጫፍ ጠረጉላት። «ጥሩ አድርገህ ነው የሠራሃት። እጅህ ይባረክ፤ ምንም አላስቀረህም።»

የመረቁኝ ከልባቸው ነበር። አሜን ማለት አቃተኝ።