አሥራ አምስት ክምር ማሾ

የካቲት 6 ቀን፣ ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ላይ፣ ከሚሴ ውስጥ አክስቴ ሕክምናዋን እንደተወችው ተናገረች። ምክንያቱ እኔ ነበርኩ።

አክስቴ ከአስፋልቱ ወረድ ብላ ባለች ሱቅ ማሾና ማሽላ ትነግድ ነበር። ሱቋ ዛሬ የሞባይል ዕቃ መሸጫ ሆናለች። በዚያ ዓመት እንቅርቷ ተነሣባት፤ ከሳች፣ ተቀምጣም ልቧ በኃይል ይመታ ጀመር፣ እጇ ይንቀጠቀጣል። ስትሰፍር ከጣሳው አፍ ላይ እህል ይፈስባታል። በደንበኛ ፊት እንዲህ መሆን ለእሷ ከሕመሙ ይብስ ነበር። አዲስ አበባ ያሉ ሐኪሞች ጨረር ያለበት የአዮዲን ካፕሱል እንድትውጥ ወስነው ለሐሙስ ቀጥረዋታል።

በእጇ ሁለት ወረቀት ነበር። አንዱ ሐኪሙ ከወር በፊት በእጁ የጻፈው ነው። ሌላው ከሆስፒታሉ በስልኬ ተልኮልኝ ያሳተምኩት የቀጠሮ ማረጋገጫ ነው። የምትውጠው መጠን ስንት እንደሆነ ጠየቀችኝ። የመጀመሪያውን አየሁና “አሥራ አምስት” አልኩ። ሁለተኛውን አየሁና “አምስት መቶ ሃምሳ አምስት” አልኩ። ከቁጥሮቹ ቀጥሎ ያሉትን የመለኪያ ስሞች ዘለልኳቸው፤ ለእሷ ምንም አይነግሯትም ብዬ ነው። ጋዜጠኛ ነኝ፤ ለዜና ቢሆን ኖሮ አላደርገውም ነበር።

የጎረቤት ሱቅ ባለቤት የሆኑት ሽማግሌ፣ ሠላሳ ዓመት ጎን ለጎን የነገዱ ተፎካካሪዋ፣ ደጃፏ ላይ ተቀምጠው ይሰሙ ነበር።

“በአንድ ወር ከአሥራ አምስት ወደ አምስት መቶ? አንቺ ሴት፣ ሊያክሙሽ ነው ሊቆሉሽ?”

“በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ ማለት ይኼ ነው” አለች አክስቴ። “ወላሂ፣ አልሄድም።”

ወጣ ብዬ ሆስፒታሉ ደወልኩ። መድኃኒቱን የምታዘጋጀዋ ባለሙያ አልተገረመችም። “ሐኪሙ የጻፈው በድሮው መለኪያ፣ በሚሊኩሪ ነው። የእኛ ማረጋገጫ ደግሞ በሜጋቤክሬል ነው የሚወጣው። አንድ ሚሊኩሪ ሠላሳ ሰባት ሜጋቤክሬል ነው፤ ያባዙት።” ቀጥላ ሌላ ነገር ነገረችኝ። የዚህ አዮዲን ጉልበት በየስምንት ቀኑ በግማሽ ይቀንሳል። ካፕሱሉ ለሐሙስ ተለክቶ የመጣ ስለሆነ አይቆይላትም፤ ከቀረች ወረፋዋን እንደገና መጠበቅ አለባት።

ተመልሼ መለኪያው ሁለት ዓይነት መሆኑን ነገርኳትና ማስታወሻ ደብተሬ ላይ አሥራ አምስትን በሠላሳ ሰባት አባዝቼ አሳየኋት። ደብተሩን ዞራ አላየችውም።

“መስፈሪያው ሁለት መሆኑን ለምን አስቀድመህ አትነግረኝም?”

ልክ ነበረች። በዚያን ጊዜ የባቲ ገበያ ጣሳ፣ የጨፋ ሮቢት ገበያ ጣሳና የእሷ ጣሳ ስማቸው አንድ ቢሆንም ልካቸው ለየቅል ነበር። እህል ሲመጣላት ዋጋ አትጠይቅም። መጀመሪያ ሻጩን በራሱ ጣሳ አንድ ታሰፍረዋለች፣ ያንኑ ወደ ራሷ ጣሳ ትገለብጠዋለች፣ የተረፈውን ወይም የጎደለውን ሁለቱም አጎንብሰው ያያሉ። ወሬው ከዚያ በኋላ ነው። አሁን ሁሉም በኪሎ ሆኗል። እኔ ግን ማሾ ከቆርቆሮ ወደ ቆርቆሮ ሲወርድ የሚያሰማውን ድምፅ ገበያ መሀል በቆምኩ ቁጥር እናፍቀዋለሁ።

ሰፌዷን አወረደች። “ስንት ነው ያልከው?”

“ሠላሳ ሰባት።”

“ስንት ጊዜ?”

“አሥራ አምስት ጊዜ። ክምሩ የሐኪሙ መለኪያ፣ ፍሬው የሆስፒታሉ።”

በሚንቀጠቀጥ እጇ የማሾ ፍሬ እየለቀመች ሠላሳ ሰባት ሠላሳ ሰባቱን ትከምር ጀመር። ሽማግሌው ጠጋ ብለው እሷ የጨረሰችውን ክምር “ቶኮ፣ ለማ፣ ሰዲ” እያሉ በኦሮምኛ ደግመው ይቆጥራሉ። ሁለት ደንበኞች መጥተው “ቆዩ” ተብለው ቆሙ። ዘጠነኛው ክምር ላይ ሽማግሌው ቀና አሉ።

“ሠላሳ ስድስት! አንዷን በልተሻታል።”

“ዓይንዎን ይታከሙ። አብረን እንሂድና።”

የጎደለችው ፍሬ ሰፌዱ ስፌት ውስጥ ተሰክታ ተገኘች። አሥራ አምስቱም ክምር ሲሞላ አክስቴ በመዳፏ ሁሉንም ወደ መሀል ሰበሰበችው።

“ጨመረ?” አለቻቸው።

“አልጨመረም።”

“ቀነሰ?”

“ኧረ ወዴት ይሄዳል! ቶኩማ፣ ያው አንድ ነው” አሉ፤ ጢማቸውን እያሻሹ።

ማሾውን ወደ ጆንያው መለሰችና ተነሣች። “እንግዲያ ኢንሻአላህ ነገ እሄዳለሁ። ሱቄን ይጠብቁልኝ። ብቻ በእኔ ጣሳ ይስፈሩ፤ የእርስዎ ጎዶሎ ነው።”

ሽማግሌው ስቀው ቁልፉን ተቀበሏት።

ረቡዕ በጠዋቱ አውቶቡስ ተሳፈርን። ሐሙስ ከጠዋቱ አምስት ሰዓት ከሃያ ላይ ባለሙያዋ መዝገቡ ላይ 555 ሜጋቤክሬል ብላ ጻፈች፤ አክስቴም ካፕሱሉን በአንድ ብርጭቆ ውሃ ዋጠችው።