እፍኝ ትንፋሽ

ባለፈው ዓመት ጥር፣ በቡና ምስጋና ቀን፣ የመሰለች ድምፅ ሦስተኛው ስንኝ ላይ ተቆረጠ።

በዲላዋ ቤተ ክርስቲያናቸው ልማድ፣ ለቀማው ሲያበቃ እያንዳንዱ ቤተሰብ ከደረቀ ቡናው አንድ ሳህን ይዞ ይመጣና ከመድረኩ ሥር በተነጠፈው ሸራ ላይ ያፈሳል። ቡናው እየተንሿሿ ሲወርድ አንዲት ሴት ብቻዋን ትዘምራለች፤ መዘምራኑ አፍ አፏን እያዩ ይጠብቁና የመጨረሻዋን ቃል ይቀበሏታል። አውራጅ የምትባለው እሷ ናት። ሃያ ስምንት ዓመት ሙሉ አውራጇ መሰለች ነበረች። መዝሙሩም የራሷ ነው፤ ገና ልጅ እግር ሳለች፣ ወርቃ በሚባል የጌዴኦ መንደር ቡና ስታደርቅ ያወጣችው፦

ቀይ ሆኖ ሲበስል፣ በእጅህ ያቀላኸው፣
አበባው ሳይረግፍ፣ አንተ የጋረድኸው፣
ይህን እፍኝ ትንፋሽ፣ ከኔ ያኖርኸው፣
ተቀበል በዜማ፣ የራስህ ነው ይኸው።

አራቱን ስንኝ በአንድ ትንፋሽ ጀምራ በዚያው ትንፋሽ «ይኸው» ላይ ታደርሳቸው ነበር። ያን ቀን ግን «እፍኝ ትንፋሽ» ከማለቷ ሳል ያዛት። ሳሉ አልለቅ አለ። ሳህን የያዙት ሰዎች ሳያፈሱ ቆመው ቀሩ። የመዘምራኑ መሪ ባርናባስ፣ በልጅነቱ ዜማ ያስተማረችው ባርናባስ፣ ማይክሮፎኑን ከእጇ ቀስ አድርጎ ወሰደና እሱ ጨረሰው። መሰለች ወንበሯ ላይ ተቀምጣ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ፣ የራሷን መዝሙር እንደ እንግዳ ሰማችው።

ሐኪሞቹ ምክንያቱን ለማግኘት ብዙ አልደከሙም። ከወርቃ ወደ ዲላ ወርዳ ካገባች ወዲህ፣ ባሏም ከሞተ በኋላ፣ በጠቅላላው ሃያ ሁለት ዓመት የሠራችው ጀንፈል፣ ማለት ከነገለባው የደረቀ ቡና፣ በሚቀሸርበት መጋዘን ውስጥ ነው። ሥራዋ ማንፈስ ነበር። ገለባውን ከሚሰብረው መቀሸሪያ የወረደውን ቡና በሳፋ ከትከሻዋ በላይ ታነሳና ቀስ እያለች ታንቆረቁረዋለች፤ ፍሬው እግሯ ሥር ይወድቃል፣ ገለባውና አቧራው ግን ቤቱን ይሞላዋል። ሐኪሙ ሳንባዋ አንዳንድ ቦታው ላይመለስ እንደተጎዳ ሳይደብቅ ነገራት፣ በአፍ የሚሳብ መድኃኒት ሰጣት፣ ቀጥሎም ለእንቅስቃሴ ሕክምና ላካት።

መስከረም ላይ ባርናባስ ቤቷ መጣ። ሻዩን ሳይጠጣ በወሬ ብዙ ዞረ፤ ስለ ዝናቡ ጠየቀ፣ ስለ እንሰቷ ጠየቀ። በመጨረሻ ዘንድሮ ከመዘምራኑ አንዷ፣ ዩኒቨርሲቲ የምትማረዋ ብሌን ብታወርድ፣ መሰለች ደግሞ ከፊት ወንበር ተቀምጣ ብትባርካቸው ምን ይመስላታል አላት። መሰለች እስኪጨርስ ሰማችው። ከዚያ አንድ ነገር ብቻ ለመነች፦ የጥር ወር ልምምድ እስኪደርስ ይጠብቃት። ያን ቀን አራቱን ስንኝ ሳትስል «ይኸው» ላይ ካደረሰች ታወርዳለች፤ ካቃታት ማይክሮፎኑን በገዛ እጇ ለብሌን ትሰጣለች። ባርናባስ ጫማውን እያየ እሺ አለ።

እነሆ አራት ወር። ለአራት ስንኝ አራት ወር።

የእንቅስቃሴ ሕክምና የምትሰጠው ሔርሜላ የምትባል ወጣት ናት፤ ከአዲስ አበባ ተመድባ መጥታ ዲላን የለመደች፣ ፀጉሯን ሁልጊዜ በእርሳስ የምትጠቀልል። ማክሰኞና ሐሙስ ጠዋት ስድስት ሕመምተኞች ከሆስፒታሉ ጀርባ ሣሩ ላይ ታሰልፋለች። የምታስተምራቸው ታይ ቺ የሚባል፣ ከቻይና የመጣ የቆየ እንቅስቃሴ ነው። ሩጫ የለው፣ ዝላይ የለው። እግርን ከፈት፣ ጉልበትን ላላ፤ ከዚያ ሁለቱን እጆች ውኃ እንዳነሳቸው ያህል ከፍ እያደረጉ አየር መሳብ፣ ዝቅ እያደረጉ ማስወጣት። ሔርሜላ ስታሳየው እጇ ሳይሆን ጠዋቱ ራሱ ከፍና ዝቅ የሚል ይመስላል። የተጎዳውን ሳንባ እንደማያድን መጀመሪያውኑ ነግራቸዋለች፤ የተረፈውን ግን በሙሉ መጠቀም ያስተምራል።

መሰለች የተማረችውን በየማለዳው ጓሮዋ፣ እንሰቶቹ መሐል ትደግመዋለች። ሰፋፊው ቅጠል ላይ ጤዛ ይንከባለላል፣ ከሩቅ የቤተ ክርስቲያን ደወል ይሰማል፣ እሷ እጇን ታነሳለች፣ ታወርዳለች። ጎረቤቷ አትጠገብ በአጥሩ ላይ ተንጠልጥላ ታያታለች። አትጠገብ በመጋዘኑ አሥራ አምስት ዓመት አብራት ያነፈሰች፣ ዛሬም እዚያው ያለች ሴት ናት።

«አንቺ መሰለች፣» አለቻት አንድ ጠዋት፣ «ዝንብ ነው የምታባርሪው ወይስ ሰው እየጠራሽ ነው? ሰው ከሆነ ፈጠን በይ፣ ያልፍሻል።»

ወሬው ባርናባስም ዘንድ ደረሰ። እሁድ ከአምልኮ በኋላ ገለል አድርጎ ወስዷት፣ ይህ ነገር የሌላ አገር ጸሎት እንዳይሆን ብሎ ጠየቃት። በክፋት አልነበረም፤ ሽማግሌዎቹ ጠይቀውት ነው።

«ባርናባስ፣» አለችው፣ «የምስበው አየር የዲላ ነው። የማወጣውም የዲላ ነው። በመሐል የምጠራው ጌታ ደግሞ አንተ የምታውቀው ነው።»

ከዚያ በኋላ ማንም አልጠየቃትም። ችግሩ ግን ከሰው አልነበረም። ከራሷ ደረት ነበር።

ሁለት ወር ሙሉ አልሆነላትም። እጇ ያምራል፣ ጉልበቷ ይታዘዛል፣ ትንፋሿ ግን ይጠፋል። ሔርሜላ ጀርባዋ ላይ መዳፏን አሳርፋ ትከታተላታለች፤ እጆቿ ትከሻዋ ዘንድ ሲደርሱ ጀርባዋ እንደ ግንብ ቀጥ ይላል። ይተንፍሱ እንጂ ትላታለች። እየተነፈስኩ ነው እኮ ትላለች መሰለች፣ እውነቷን መስሏት። ከዚያ እጇ ሲወርድ ሳሉ ይመጣል። አንድ ሐሙስ እንዲያውም ሣሩ ላይ ቁጭ ብላ፣ ብሌን ጥሩ ድምፅ አላት፣ ልጅቱ ትዘምረው ብላ አሰበች። አሰበች እንጂ አልተናገረችውም። ከንፈሯን ጠራርጋ ተነሳችና እጇን እንደገና አነሳች።

የነገሩ ቋጠሮ የተፈታው እንዲያ ባላሰበችው ቦታ ነው። ኅዳር መጀመሪያ ላይ አትጠገብ ደጃፏ ላይ ባቄላ ስታነፍስ መሰለች ጨው ልትበደር ብቅ አለች። አትጠገብ ሳፋውን ከትከሻዋ በላይ አነሳች። ወዲያው ከንፈሯ ገጠመ፣ አፍንጫዋ ጠበበ፣ ደረቷ ቆመ። ባቄላው ወረደ። ገለባው በነፋስ ሄደ። አትጠገብ ግን እጇ ገና ላይ እንዳለ፣ ትንፋሿን ይዛ፣ የማይታይ ነገር እስኪያልፍ ትጠብቃለች። ከዚያ እጇን አወረደችና አየሩን ጎረሰችው።

መሰለች ጨዉን ረሳችው። ሳፋ የነኩ የመጋዘኑ ሴቶች ሁሉ እንዲያ ናቸው፤ መጀመሪያ ቀን ከጎን ያለችው ታስተምራለች፦ እጅሽ ሲነሳ ትንፋሽሽን ያዢ፣ አቧራው ሲያልፍ ልቀቂ። በቀን ስንት መቶ ጊዜ፣ ሃያ ሁለት ዓመት። ሳፋው ከእጇ ከወጣ ሦስት ዓመቱ፣ ደረቷ ግን እስከ ዛሬ መጋዘኑ ውስጥ ቆሞ አቧራው እስኪያልፍ እየጠበቀ ኖሯል።

ማክሰኞ ጠዋት ባዶ ሳፋ ይዛ ሆስፒታል ሄደች። ሣሩ ላይ ቆማ፣ እንደ መጋዘኑ አንስታ ለሔርሜላ አሳየቻት። ሔርሜላ ሳፋውን ተቀብላ ሣሩ ላይ አኖረችው።

«እትዬ መሰለች፣» አለቻት፣ «አቧራው ባለበት መያዝዎ ልክ ነበር። እዚህ ግን አቧራ የለም። ማንን እየጠበቁ ነው?»

መሰለች ይህን ጥያቄ ይዛ ወደ ቤቷ ገባች፣ ይዛው ተኛች፣ ይዛው ተነሳች። ጓሮዋ ውስጥ እጇን ከማንሳቷ በፊት ድምፅ አውጥታ «አቧራ የለም» ትላለች። እጇ ግን ሲነሳ ደረቷ ያው ይቆልፋል። አካል የተማረውን በቃል ብቻ አይተውም። በሌላ ሥራ ነው የሚተወው። ደረቷ ይህን ቁልፍ ከመማሩ በፊት ሌላ ሥራ ያውቅ እንደነበር ያስታወሰችው ያኔ ነው።

ቅዳሜ ጎህ ሲቀድ ከመናኸሪያው ወደ ገደብ በሚሄደው አውቶቡስ ተሳፈረች። ወናጎን አለፉ፤ በመንገዱ ግራና ቀኝ ቡናው ከእንሰቱ ጥላ ሥር ቀልቶ ይታያል። ገደብ ወርዳ በባጃጅ ወርቃ ደረሰች፤ በወጣትነቷ ሰባት ዓመት የሠራችበት የእሸት ቡና መፈልፈያ ከነአልጋዎቹ እዚያው አለ። አልጋ የሚሉት በእንጨት እግር ላይ የተዘረጋ ረጅም ሽቦ ነው፤ ታጥቦ የነጣው ቡና እሱ ላይ ተሰጥቶ በእጅ እየተገላበጠ ይደርቃል። ጠባቂውን አስፈቀደች። ሰውዬው ቀሚሷንና ዕድሜዋን አይቶ ለክፍያ ከሆነ ሰው ሞልቷል አላት። ለክፍያ አይደለም አለችው። ቆነጃጅቱ ሳቅ እያሉ መሐላቸው ቦታ ለቀቁላት።

መዳፎቿን ቡናው ላይ አሳረፈች። እርጥብ ነው፣ የማር ያህል ይሸታል። እጆቿን ወደፊት ገፋች፣ ወደ ራሷ ሳበች። እዚህ ጣራ የለም፣ ግድግዳ የለም፤ ነፋሱ ከተራራው ይወርዳል፣ በሽቦው ሥር ያልፋል። ያኔ በጌዴኦኛም በአማርኛም እያፈራረቁ የሚዘፍኑት ከሆዷ ሳይጠራ ወጣ፦

አዙሪው እህቴ፣ ነፋስ ይግባበት፣
ታፍኖ ያደረ፣ ጣዕም የለበት።

እጆቿ ሲሄዱ ድምፁ አብሯቸው ሄደ፤ ሲመለሱ አየሩ አብሯቸው ገባ። ደገመችው። ልጃገረዶቹ ዜማውን አያውቁትም ነበር፤ በሦስተኛው ተቀበሏት። ፀሐይ አናት ላይ እስክትወጣ ስታገላብጥ ዋለች። ከዚያ ከአልጋው ፈንጠር ብላ፣ እግሯን ከፈት፣ ጉልበቷን ላላ አድርጋ ቆመችና ሁለት እጆቿን አነሳች። አየሩ ገባ። እስከ ጎድኗ ግርጌ፣ ለዓመታት ሰው እንዳልጎበኘው ቤት እስከ ጓዳው ድረስ ገባ። አወረደች። ወጣ። አልሳለችም። ዓይኗ እንባ ሞላ እንጂ አልሳለችም።

ከዚያ በኋላ የቀረው ድካም ብቻ ነበር፤ ድካም ደግሞ መሰለች አትፈራም። በየማለዳው እንሰቶቹ መሐል ስንኞቹን በእጇ ትከተላለች። ሔርሜላ መዳፏን ጀርባዋ ላይ ታሳርፋለች፤ ይተንፍሱ እንጂ ግን አትልም። ዝምታዋ ምስክር ነበር። አንድ ነገር ግን አልተለወጠም፦ የተረፈው ሳንባ አራት ስንኝ አይችልም። ሦስት ይችላል። ቀን ሞከረች፣ ማታ ሞከረች፣ ሦስት ነው። ሁልጊዜ ሦስት።

የጥር ልምምድ ደረሰ። መዘምራኑ በተርታ ቆመዋል፣ ብሌን ከዳር፣ ባርናባስ ኪቦርዱ ላይ። መሰለች ማይክሮፎኑን አልያዘችም፤ ማቆሚያው ላይ እንዳለ ተወችውና ሁለት እጆቿን ነጻ አደረገች። እያነሳቻቸው አየሩን ተቀበለች። ጀመረች። የመጀመሪያው ወረደ፣ ሁለተኛው ወረደ። «ይህን እፍኝ ትንፋሽ» ስትል ባርናባስ ጣቱን ከኪቦርዱ አነሳ፤ ሊጨርስላት የተዘጋጀ ይመስል ነበር። «ከኔ ያኖርኸው» ብላ ስንኙን ዘጋች። እዚያ ላይ አቆመች።

አልቸኮለችም። ከዚህ በፊት ቢሆን ያለቀውን ትንፋሽ አፍና በቀረው ትሮጥበት ነበር። አሁን ሰው ሁሉ እያያት እጆቿን ቀስ አድርጋ ወደ ላይ አነሳች። አየሩ ሲገባ ተሰማ። አፍ አፏን ሲያዩ የኖሩት መዘምራንም እጆቿን ተከትለው ሳያስቡት አብረዋት ሳቡ። እጇ መውረድ ጀመረ፦ «ተቀበል በዜማ፣ የራስህ ነው ይኸው።» አርባ ሰው በአንድ ድምፅ ተቀበላት።

ሲያበቃ ባርናባስ ከኪቦርዱ ቀና አለ።

«እህት መሰለች፣ ድሮ እዚያ ላይ አታርፊም ነበር።»

«አላርፍም ነበር፣» አለች። «ያለኝ ሦስት ስንኝ ነው፣ ባርናባስ። ከዚያ አየር እቀበላለሁ። አልሳልኩም፣ አድርሻለሁ። ካልሆነ ብሌን ያቻት።»

ብሌን ከዳር ሆና በእምቢታ ራሷን ነቀነቀች፤ እሷም ስትለማመደው እዚያ ላይ መተንፈስ እየፈለገች ስታፍር እንደነበር ተናገረች። ባርናባስ እርሳሱን ከጆሮው ላይ አወረደና ወረቀቱ ላይ ምልክት አደረገ። ከሦስተኛው ስንኝ በኋላ ሁላችንም እንተነፍሳለን፣ የእህት መሰለችን እጅ እያየን፣ አለ።

በምስጋናው ቀን ቡናው ሸራው ላይ እየተንሿሿ ወረደ። ባለፈው ዓመት ሳሉ በነበረበት ቦታ ላይ መሰለች እጆቿን አነሳች፤ አዳራሹ አብሯት አየር ሳበ። ከኋላ ወንበር፣ ባዶ ሳህኗን ጭኗ ላይ አድርጋ፣ አትጠገብ ትንፋሿን ይዛ ጠበቀች፣ ጠበቀች፤ «ይኸው» ሲባል ለቀቀችው።

ሰኞ ጠዋት አትጠገብ አጥሩ ላይ አልተንጠለጠለችም። በሩን ከፍታ ገባች፣ ነጠላዋን እንሰቱ ላይ ሰቀለች፣ እግሯን ከፈት አደረገች።

«በይ እስቲ፣» አለች፣ «ያን ዝንብ ማባረር አሳዪኝ።»

መሰለች ከኋላዋ ቆማ መዳፏን ጀርባዋ ላይ አሳረፈች፣ የአትጠገብ እጅ እስኪነሳም ጠበቀች።