ሰብሳቢያችንን ያወረድንበት እሑድ

በወጣትነቴ ቀይ ሽፋን ያላቸውን የግራ ፖለቲካ መጻሕፍት ሳነብ፣ ሥልጣን ላይ የተቀመጠን ሰው ስለማውረድ የማላውቀው ነገር አልነበረም። ንጉሥ በሉ ጄኔራል፣ ማን ይቀረኝ ነበር፤ ከአልጋዬ ሳልነሣ ግማሹን ዓለም ነፃ አውጥቻለሁ። ራሱ መውረድ የሚፈልግ ሰው እንዴት እንደሚወርድ ግን አንዱም መጽሐፍ አልነገረኝም።

የኮልፌው እድራችን ሰብሳቢ ጡረታ የወጡ መምህር ናቸው። በየዓመቱ ጠቅላላ ጉባኤው ላይ ይነሡና “በቃኝ፣ ሌላ ሰው ምረጡ” ይላሉ። እኛም ወጉን እናውቃለን፤ ኧረ ለማን ጥለውን ብለን በጭብጨባ መልሰን እናስቀምጣቸዋለን። እሺ ማለት ሰውየውን እንደመግፋት ይቆጠራላ። በያዝነው አያያዝ የራሳቸውንም ቀብር የሚያስተባብሩት እሳቸው ነበሩ።

ከዘንድሮው ስብሰባ በፊት አሥራ ስምንት ማዞሪያ ታክሲ ስንጠብቅ ክንዴን ያዝ አደረጉኝ። ጉልበታቸው አልታዘዝ ብሏል። ለቅሶ ቤት ከሁሉ ቀድሞ መድረስ፣ ድንኳን ማስተከል፣ ከሁሉ በኋላ መውጣት ከአቅማቸው በላይ ሆኗል።

“ዘንድሮ የምሬን ነው” አሉኝ። “አምናም የምሬን ነበር፤ ማን ይመነኝ?”

እኔ፣ ለመቃብር ቆፋሪ እንኳ ቀልድ የማላጣው ሰውዬ፣ ያለ ቀልድ ደግፌ ታክሲው ላይ አሳፈርኳቸው።

እሑድ እንደልማዳቸው ተነሥተው በቃኝ አሉ። ጭብጨባው ሲጀመር እጄን አወጣሁ። ቀልድ የጠበቁት ከወዲሁ ፈገግ አሉ።

“እኔ እንዲወርዱ እፈልጋለሁ።”

ጭብጨባው ተቋረጠ። አጠገቤ የነበሩ እናት ከእኔ ጋር እንዳይቆጠሩ ወንበራቸውን ፈቀቅ አደረጉ። “ምን በደሉህ? ለአባትህ ድንኳን ያስተከሉት እሳቸው አይደሉ?” አሉኝ። ናቸው፤ የደከማቸውም ለዚህ ነው አልኩ። እስከዚያች ቀን ሥልጣን ሕዝብ ትከሻ ላይ የሚወጣ ነገር ብቻ ይመስለኝ ነበር። ሕዝብም አንድ ሽማግሌ ትከሻ ላይ ወጥቶ፣ አክብሬህ ነው እያለ ሊደላደል ይችላል። ሰው በስድብ ሲወርድ ብዙ አይተናል፤ እያመሰገኑ ማውረድን ማን አሳየን?

ጸሐፊው ይውረዱ የምትሉ እጅ አውጡ አለ። የእኔ ብቻዋን ቆመች። ይሄኔ ሰብሳቢው መነጽራቸውን አውልቀው የራሳቸውን እጅ አወጡ።

“እኔም ከእሱ ጋር ነኝ።”

ሰው ሳቀ። ሳቁ ሳያልቅ ወንበር ያሸሹት እናት እጅ ወጣ፤ ከዚያ አዳራሹ የእጅ ጫካ ሆነ።

በምትካቸው ሸቀጥ ቤት ያላት ጎረቤታችን ተጠቆመች። አልችልም ስትል ማንም አላጨበጨበም፤ የምርሽን ነው ወይ ተብላ ተጠየቀች። ትንሽ አሰበችና አይ፣ ለወጉ ነው አለች። ተመረጠች።

የወረዱት ሰብሳቢያችን ከመድረኩ መጥተው፣ እናትየዋ ፈቀቅ ባሉበት ቦታ ወንበር ስበው አጠገቤ ተቀመጡ። እግራቸውን እስከጫፉ ዘረጉ። አዲሷ ሰብሳቢ ንግግሯን ገና ስትጀምር ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብለው፣ “ይህቺ ሴትዮ ንግግር አላበዛችም?” አሉኝ።