የጫጩቶቹ ዕልባት

በክሊኒኩ ካርድ ክፍል አሥራ ዘጠኝ ዓመት ስለሠራች «እትዬ ካርድ» ይሏታል፤ እሷም እናቷ ያወጣችላት ስም እስኪመስል ድረስ አቤት ትላለች። የሕመምተኛውን ፊት አይታ የካርዱን ቁጥር ትነግርሃለች። ኮምፒውተር ላይ ግን ማንበብ የሚባል ነገር የለም! ብራውዘሩ አናት ላይ፣ ሲጫኗቸው ገጽ የሚከፍቱ ዕልባቶች ደርድራለች፤ ሦስተኛዋ የሕመምተኞች ፋይል ናት፤ እጇ ያውቃታል። ፓስወርዱንም ማሽኑ ይያዝልኝ ብላ አስቀምጣዋለች። ስንፍና ነው ያላት ሰው ወዮለት።

ሰኞ ጠዋት ሦስተኛዋን ስትጫን የጫጩት ክትባት ወጣ።

«ደግሞ ዶሮም ካርድ ልታወጣ መጣች?» ብላ ሳቀች። መልሳ ተጫነች፤ ያው ጫጩት። መነጽሯን አድርጋ ስታነብ ግን ሳቋ ጠፋ። የዶሮ መኖ፣ የዶሮ ቤት አሠራር፤ የእሷ ዕልባቶች ወደ ጥግ ተገፍተዋል።

ሰው ገብቷል ማለት ነው። የገባው ሰው የእሷን ዕልባት ከነካ ደግሞ ፓስወርድ ሳይጠየቅ የስንቱ ገመና ፊቱ ይዘረገፋል። በመስኮቷ ጎንበስ ብለው ሕመማቸውን በሹክሹክታ የነገሯት ሁሉ ትዝ አሏት። ዝም ልትል ትችል ነበር፤ ማን ያውቅባታል? እሷ ግን የኮምፒውተር ባለሙያውን ጠርታ «ልጄ፣ ጉድ ሆኛለሁ» አለችው።

ባለሙያው አልተቆጣትም። በቅድሚያ ፓስወርዶቿን አስቀየራት። ከዚያ ሲፈትሽ ቆየና «እትዬ፣ ቅዳሜ የት ነበሩ? የብራውዘር አካውንትዎ ሌላ ማሽን ላይ ተከፍቶ ነበር፤ እዚያ የተቀመጠ ዕልባት እዚህም ይመጣል» አላት።

«ውይ በሞትኩት! የልጄን ፎርም ፕሪንት ላደርግ ፎቶ ኮፒ ቤት ገብቼ... ዝናቡ ሲመጣ ጥዬው ሮጥኩ!»

ማን መቼ እንደገባ የሚይዘውን የክሊኒኩን መዝገብ ሲያይ፣ ዓርብ ራሷ ከከፈተችው ወዲህ ፋይሉን የነካ የለም። «እርግጠኛ ነህ?» ብላ ሦስቴ ጠየቀችው፤ ሦስቴም አሳያት። ያኔ ነው ከሁሉም መጨረሻ ያለችው፣ ስሟ ረዝሞ የተቆረጠባት ዕልባት ዓይኑ ውስጥ የገባችው። ሙሉ ስሟን አወጣና ጮክ ብሎ አነበበላት።

«የማላውቅሽ እህቴ፣ ክፍት ትተሽው ስለሄድሽ የሁሉም መስሎኝ ዶሮዎቼን እዚህ ደረደርኩ። ሌላ አልነካሁም። ዘግቼዋለሁ። ፓስወርድሽን ቀይሪ።»

«መልእክት የሚያኖርበት ቦታ አጥቶ እኮ ነው!» ብላ አለቀሰች። በምሳ ሰዓት ልታመሰግነው ፎቶ ኮፒ ቤት ሄደች፤ የቤቱ ባለቤት ግን «እናቴ፣ ስንቱ ይገባል ብለሽ ነው?» ብላ መለሰቻት።

አሁን ፓስወርዷን በየቀኑ በገዛ ጣቷ ትመታለች። ቀርፋፋ ናት፤ ተሰላፊው ያጉረመርማል፤ እሷ እቴ! ባለሙያው የዶሮዎቹን ዕልባቶች ላጥፋ ቢላት ግን «እጅህን ሰብስብ!» አለችው። ሦስተኛዋ እስከ ዛሬ የጫጩት ክትባት ናት። እጇ በልማድ ሄዶ ይጫናታል፤ ጫጩቶቹ ግር ብለው ሲወጡ «ይደጉልህ፣ የሰው ልጅ» ትላለች፤ ከዚያ መነጽሯን አድርጋ፣ እያነበበች፣ የሕመምተኞቿን ፋይል ትከፍታለች።